ከማዕድ የተባረሩት ወላጆች

ልጅ «አልበላም» ብላ ስትከሳ መጀመሪያ ጣት የሚቀሰርባት እናት ናት። «ምን ብታደርጋት ነው?» ይባላል። ይህ የጎረቤት ሐሜት ብቻ ቢሆን ባልገረመኝ። የሚገርመው ሐኪሞችም መቶ ዓመት ያህል ይህንኑ ሲሉ መኖራቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1873 ዊሊያም ጋል ለንደን ላይ፣ ሻርል ላሴግ ደግሞ ፓሪስ ላይ፣ ምግብ ሞልቶ ሳለ አንበላም እያሉ ስለሚመነምኑ ወጣት ሴቶች ጻፉ። «አኖሬክሲያ ነርቮሳ» የሚለውን ስም ያወጣው ጋል ነው። ላሴግ ደግሞ ቤተሰቡን አስተዋለ፤ ወላጆች ይለምናሉ፣ ልመናው አልሠራ ሲል ያስፈራራሉ፣ እሱም አይሠራም። የጋል ትእዛዝ ሙቀት፣ ዕረፍትና ሰዓቱን የጠበቀ ምግብ ነበር። ምግቡን ማን ይስጥ በሚለው ላይ ግን ዘመድ ከሁሉ የከፋ አስታማሚ ነው ሲል ፈረደ። በ1880ዎቹ ዝነኛው ሻርኮ ወላጆች ካልራቁ ልጅቷ አትድንም እስከማለት ደረሰ።

እውነት ነው፣ ከቤት ተለይተው መብላት የጀመሩ ነበሩ። ወደ ቤት ሲመለሱስ? እዚያ የሚጠብቃቸው ጥፋተኛ የተባለና ምን ማድረግ እንዳለበት ማንም ያልነገረው ወላጅ ነው።

ነገሩን በሌላ ዓይን ለማየት የረዳው ጥናት የመጣው ከጦርነት ነው። በ1944 እና 1945 አንሰል ኪስ የተባለ ተመራማሪ ሚኒሶታ ውስጥ 36 ጤነኛ ወንዶችን በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንታት በግማሽ ርሃብ አቆየ። ዓላማው በጦርነቱ የተራቡ ሰዎች እንዴት እንደሚያገግሙ ማወቅ ነበር። ሰዎቹ ሩብ ያህል ክብደታቸውን አጡ። ከሰው ሸሹ፣ ተነጫነጩ፣ ቀን ከሌት ስለ ምግብ አሰቡ፣ የምግብ አሠራር መጻሕፍት ሲያገላብጡ ዋሉ። እናቶቻቸው ምንም አላደረጓቸውም! ስለዚህ ከታማሚዋ ጠባይ ብዙው ርሃቡ ራሱ የሚያመጣው ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ለማገገምም ምክር ብቻ አልበቃቸውም፤ ለሳምንታት በቀን 4000 ካሎሪ የሚደርስ ምግብ አስፈልጓቸዋል።

ወላጆች ወደ ማዕዱ የተመለሱት ለንደን በሚገኘው ሞድስሊ ሆስፒታል ነው። በ1987 ጄራልድ ራስልና ባልደረቦቹ በ80 ታማሚዎች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ሕመማቸው በልጅነታቸው ለጀመራቸውና ሦስት ዓመት ላልሞላቸው፣ ቤተሰብን ያሳተፈው ሕክምና ከግለሰብ ሕክምናው የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ወላጆች ጥፋተኛ እንዳልሆኑ ይነገራቸዋል። ቀጥሎ ምን፣ መቼና ምን ያህል እንደሚበላ የሚወስኑት እነሱ ይሆናሉ፤ ምግቡ እስኪያልቅ አብረው ይቀመጣሉ። ቁጣቸው በበሽታው ላይ እንጂ በልጅቷ ላይ አይደለም። እህትና ወንድም የሚያበሉ ሳይሆኑ የሚያጽናኑ ናቸው። ክብደቷ ሲመለስ ውሳኔው ቀስ በቀስ ለራሷ ይለቀቃል።

ተአምር ግን አይደለም። በ2010 አሜሪካ ውስጥ በ121 ወጣቶች ላይ የተደረገ ጥናት ሲታተም፣ ሕክምናው ካበቃ ከዓመት በኋላ ሙሉ በሙሉ የዳኑት በቤተሰብ ሕክምናው 49 በመቶ፣ በግለሰቡ 23 በመቶ ነበሩ። ግማሾቹ ገና ሌላ እርዳታ ይፈልጋሉ ማለት ነው። በጣም የተጎዳ ሰውም ያለ ሐኪም ክትትል ድንገት ብዙ ምግብ ቢሰጠው በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌት ወርዶ ልቡ ሊታወክ፣ ሊሞትም ይችላል።

እኛ አብረን የምንበላ ሕዝብ ስለሆንን ነገሩ ቀላል ሊመስለን ይችላል። አይደለም። «በሞቴ» እያሉ በግድ ማጉረስ ላሴግ ያያቸው ወላጆች ልመና ነው። ሞድስሊ የጠየቀው ሌላ ነገር ነው፤ ሳይለምኑና ሳይቆጡ፣ በቀን ሦስቴም አምስቴም፣ ለወራት አብሮ መቀመጥ። ይህን የሚችል ሐኪም የለም፤ ተረኛ ነርስም ሰዓቷ ሲደርስ ትሄዳለች። እናት ግን ቤቷ ነው። ታዲያ ቀድመን የምንወቅሳት ከሆነ፣ በምን አቅሟ ትቀመጥ?