ዘፈኑ የማን ነው? ከሲያትል በስተሰሜን ያለ መስመርና አንድ አልበም

ከሲያትል ተነስቶ በአውራ ጎዳና ቁጥር 5 ሽቅብ ወደ ሰሜን የሚነዳ ሰው፣ 200 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ብሌን ከምትባል ትንሽ የድንበር ከተማ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ካናዳ ነው። ድንበሩ ላይ እ.ኤ.አ. በ1921 የተሠራ ነጭ ቅስት ቆሟል፤ የሰላም ቅስት ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1952 መጀመሪያ ላይ ጥቁር አሜሪካዊው ዘፋኝ ፖል ሮብሰን ቫንኩቨር ለተሰበሰቡ የማዕድን ሠራተኞች ሊዘፍን ሲሄድ እዚህ ቦታ ላይ አስቆሙት። ፓስፖርቱን ቀድሞውኑ መንግሥት ነጥቆታል። ሮብሰን ወደ ሲያትል ተመልሶ ስልክ አነሳ፤ ሠራተኞቹም ድምፁን በስልክ መስመር ሰሙት። በዚያው ዓመት በግንቦት ደግሞ ቅስቱ አጠገብ በቆመ የጭነት መኪና ላይ ወጥቶ ዘፈነ። እሱ አሜሪካ መሬት ላይ ነው፤ ከወዲያ ማዶ በሺዎች የሚቆጠሩ ካናዳውያን ቆመው ያዳምጡታል።

ያ ድንበር በካርታ ላይ 49ኛው ኬክሮስ ነው። እንግሊዝና አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1818 እና በ1846 በተፈራረሟቸው ሁለት ውሎች የተሰመረ ሲሆን፣ ወንዝም ተራራም ሳይጠይቅ በማስመሪያ ይሄዳል። የአፍሪካን ካርታ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ብርቅ አይሆንበትም።

ሮብሰን ከዘፈነ ከ52 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ኬ. ዲ. ላንግ የምትባል ካናዳዊት ዘፋኝ አንድ አልበም አወጣች። ስሙ «የ49ኛው ኬክሮስ መዝሙሮች» ነው። በውስጡ አሥራ አንድ ዘፈኖች አሉ። አሥሩን የደረሷቸው ሌሎች ካናዳውያን ናቸው፤ ሁሉም ከዚያ በፊት የተዘፈኑ፣ አንዳንዶቹም ዓለም ያወቃቸው ናቸው። ላንግ የራሷን ግጥምና ዜማ በሳጥን ቆልፋ የአገሯን ደራሲዎች ሥራ ይዛ ወጣች ማለት ይቻላል። ለስሙ የመረጠችው ቃልም ልብ ይባል። በአማርኛ መዝሙርና ዘፈን ለየብቻ የተቀመጡ ናቸው፤ አንዱ ለቤተ ክርስቲያንና ለሰንደቅ ዓላማ፣ ሌላው ለጓዳና ለአደባባይ። ላንግ የፍቅርና የመለያየት ዘፈኖችን መዝሙር ብላ ስትጠራ አጥሩን ሆን ብላ ዘላዋለች።

ዘፋኟ እ.ኤ.አ. በ1961 ኤድመንተን ተወልዳ ያደገችው ኮንሶርት በምትባል የአልበርታ የገጠር ከተማ ነው። አልበርታ የከብት አገር ነው። ስሟ የተነሳው አገሬው በሚወደው የካንትሪ ዘፈን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ግን ሥጋ መብላትን በሚቃወም ማስታወቂያ ላይ ቀረበች፤ የአልበርታ ሬዲዮ ጣቢያዎችም ዘፈኗን ከአየር አወረዱት። ከሁለት ዓመት በኋላ ካንትሪውን ትታ ባወጣችው አልበም ዓለም አቀፍ ዝና አገኘች፤ ግራሚም ወሰደች። መኖሪያዋም ካሊፎርኒያ ሆነ። እንግዲህ የ2004ቱ አልበም አገሯ ጀርባውን ሰጥቷት የነበረች፣ ርቃ የምትኖር ሴት ሥራ ነው። ይህንን የማያውቅ አድማጭ ጥሩ ድምፅ ይሰማል፤ የሚያውቅ ግን ሌላም ነገር ይሰማል።

የደራሲዎቹ ዝርዝር ስድስት ሰው ነው። ኒል ያንግ፣ ጆኒ ሚቼል፣ ሌናርድ ኮኸንና ጄን ሲበሪ ሁለት ሁለት ዘፈን ሲኖራቸው፣ ብሩስ ኮክበርንና ሮን ሴክስስሚዝ አንዳንድ አላቸው። አሥራ አንደኛው ላንግ ራሷ ከባስ ተጫዋቿ ከዴቪድ ፒልች ጋር ቀደም ብላ የደረሰችው ነው። ራስን ከነኮኸን ጎን ማስቀመጥ ድፍረት ይመስላል፤ ግን ሁለተኛ ቦታ ላይ ገብቶ ሳይጮህ ያልፋል።

አስገራሚው ነገር እነዚህ «የአገር ቤት» ዘፈኖች ስንቶቹ ከአገር ውጭ መወለዳቸው ነው። ያንግ በሰሜን ኦንታሪዮ ያለችውን ትንሽ ከተማ የሚያስታውስበት ዘፈን የወጣው እ.ኤ.አ. በ1970፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በሠራው አልበም ነው። ሚቼል የካናዳን ካርታ በመጠጥ ማስቀመጫ ካርቶን ጀርባ የምትስልበት ዘፈን እ.ኤ.አ. በ1971 ሆሊዉድ ውስጥ ተቀረጸ። ኮኸን ስለ ሽቦ ላይ ወፍ የጻፈው ሂድራ በምትባል የግሪክ ደሴት ሲኖር ነበር። ናፍቆት ከቤት ርቆ የሚበቅል ተክል ስለሆነ የሲያትልም ሆነ የዋሽንግተን አበሻ ይህን ማንም ሊያስረዳው አይገባም።

የስሙ ነገር ደግሞ ሌላ ጨዋታ አለበት። ካርታ ገልጦ ለሚያይ ሰው ቶሮንቶም ሞንትሪያልም ኦታዋም ከ49ኛው ኬክሮስ በታች ናቸው፤ እንዲያውም ከሲያትል ይልቅ ወደ ደቡብ ያዘነብላሉ። የሞንትሪያሉ ኮኸንና የኦታዋው ኮክበርን በዚህ ሂሳብ ከመስመሩ ወዲህ ናቸው። መስመሩን ድንበሬ ብሎ የሚያስበው የሜዳማው ምዕራብ ልጅ ነው፤ የአልበርታዋ ላንግ፣ አልበርታ ተወልዳ ሳስካቸዋን ያደገችው ሚቼል። አልበሙ የካናዳ ይባል እንጂ ካናዳን ከአንድ መስኮት የሚያይ ነው። በፈረንሳይኛ የተጻፈ አንድም ዘፈን የለበትም፤ ኬቤክ ከነዘፋኞቹ ውጭ ቀርቷል። ጎርደን ላይትፉትም የለም። ይህ ትልቅ ክፍተት ነው፤ የአልበሙን ውበት አይቀንስም፤ «የአገሬ» የሚለውን ቃል ግን ጠበብ ያደርገዋል።

ከአሥራ አንዱ የብዙ ሰው ጆሮ የቀረው «ሃሌ ሉያ» ነው። ኮኸን ብዙ ስንኝ ጽፎ ብዙውን የጣለበት ይህ ዘፈን እ.ኤ.አ. በ1984 ሲጠናቀቅ ትልቁ የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚው አልበሙን አሜሪካ ውስጥ አላወጣም አለ። በትንሽ ኩባንያ ወጣ፤ ሰሚም ብዙ አልነበረውም። ዘፈኑን ከመቃብር ያወጡት ሌሎች ዘፋኞች ናቸው። ጆን ኬል እ.ኤ.አ. በ1991 ለኮኸን ክብር በተዘጋጀ አልበም ላይ በፒያኖ ዘፈነው፤ ጄፍ በክሊ እ.ኤ.አ. በ1994 በጊታር ተከተለ። ላንግ በተራዋ ያደረገችው ነገር ቀላል ይመስላል፦ አዘገየችው። ቃሉ እንዲሰማ ድምፅዋን አፈነችው፤ ጉልበቷን ለመጨረሻ አቆየችው። እ.ኤ.አ. የካቲት 12 ቀን 2010 ቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክን ሲከፍት ነጭ ልብስ ለብሳ፣ ባዶ እግሯን ሆና ያንኑ ዘፈን አቀረበችው። በ1990 ሬዲዮ የነፈጋት አገር በዓለም ፊት እንድትወክለው ጠራት። ያኔ 75 ዓመት የሞላው ኮኸንም በሰባዎቹ ዕድሜው እንደገና ወደ መድረክ ወጥቶ ዓለምን እየዞረ ነበር፤ አዳራሾቹን ከሞሉት ብዙዎቹ ዘፈኑን መጀመሪያ የሰሙት ከሌላ ሰው አፍ ነው።

ካናዳ ለዘፈን ደራሲ ያላት ክብር ከሰማይ አልወረደም። እ.ኤ.አ. እስከ 1971 ድረስ የካናዳ ሬዲዮ በአብዛኛው የሚያጫውተው የአሜሪካን ዘፈን ነበር። በዚያ ዓመት የብሮድካስት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከሚተላለፈው ዘፈን 30 በመቶው የካናዳ እንዲሆን አስገደደ። ቀጥሎ «የካናዳ ዘፈን ምን ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ መጣ። መልሱ በአራት የተከፈለ ክብ ሆነ፦ አንዱ ለዜማው፣ አንዱ ለዘፋኙ፣ አንዱ ለቀረጻው፣ አንዱ ለግጥሙ። ከአራቱ ሁለቱን ካናዳዊ የያዘው ዘፈን ዜግነት ያገኛል። ሕጉ አንዳንዴ ያስቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ካናዳዊው ብራያን አዳምስ ካናዳዊ ካልሆነ ሰው ጋር አብሮ የጻፋቸው ታዋቂ ዘፈኖቹ «የካናዳ አይደሉም» ተብለው ትልቅ ጭቅጭቅ ተነስቷል። ነገር ግን የክቡ ግማሽ የግጥምና የዜማ ደራሲው ነው። ዘፋኙ አንድ አራተኛ ብቻ ነው የያዘው።

ይህን ክብ ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ዘፈን መምጣት ያስደነግጣል። በአማርኛ «የጥላሁን ዘፈን»፣ «የማህሙድ ዘፈን» ይባላል፤ ባለቤቱ ዘፋኙ ነው። በሲያትል በራኒየር ጎዳና አካባቢ በሚደረግ ሠርግ ላይ ኪቦርድ የያዘ ወጣት ሌሊቱን ሙሉ የድሮ ዘፈን ሲያወርድ፣ ታዳሚው ዘፋኙን በመጀመሪያው ቃል ይለየዋል። ግጥሙን ማን ጻፈው ቢባል ግን ጠረጴዛው ጸጥ ይላል።

ዝምታው ከንቀት ብቻ የመጣ አይደለም። በአዝማሪ ቤት ግጥም የጋራ ነው። ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይወረውራል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በመሰንቆ ያዜማል፤ የስንኙ ባለቤት ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ነው። ትዝታና አምባሰልም ደራሲያቸው አይጠየቅም። ይህ ያማረ ሥርዓት ነው። ችግሩ ዘፈን ወደ ወታደር ባንድ ሲገባ ተጀመረ። በክቡር ዘበኛ፣ በፖሊስ ሠራዊትና በምድር ጦር ኦርኬስትራዎች ውስጥ ዜማ የሚያወጣው ሰው የወር ደመወዝ የሚበላ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ሥራው የክፍሉ ነው፤ መድረክ ላይ የሚታየው ደግሞ ዘፋኙ ነው። የክቡር ዘበኛው ሣህሌ ደጋጎ፣ የግጥምና የዜማ ደራሲው አፈወርቅ ዮሐንስ፣ አርመናዊው መምህር ነርሲስ ናልባንዲያን ስንት ድምፅ እንዳሳደጉ ሙዚቀኛው ያውቃል፤ አድማጩ ግን ያሳደጓቸውን ብቻ ያውቃል። ከእነሱ በፊት የነበሩት ቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ዕድለኛ ናቸው፤ የቀድሞው ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የእሳቸው መሆኑ በትምህርት ቤት ይነገራል። መዝሙር ደራሲ ይኖረዋል፣ ዘፈን ግን አይኖረውም።

ከዚያ ሸክላ መጣ። እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ሸክላ የማሳተም ሥልጣን በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ ያንን ተላልፎ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ። ቀጥሎ ካሴት። በካሴት ልባስ ላይ «ግጥምና ዜማ» የሚለው መስመር ቢኖርም በደቃቅ ፊደል ነው፤ ካሴቱ ሲገለበጥ ደግሞ ልባሱ ይቀራል፣ ስሙም አብሮት። ሕጉስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለደራሲ መብት ሰጥቷል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ ደራሲው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት የገንዘብ መብት እንዳለው፣ ስሙም ከሥራው ጋር እንዲጠራ መጠየቅ እንደሚችል ደነገገ። በወረቀት ላይ ከካናዳ የሚያንስ ነገር የለውም። ወረቀቱ ሠርግ ቤት አይገባም እንጂ።

ያም ሆኖ የተሞከረ ነገር አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ግሩም መዝሙር የሚመራው አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት «ትውስታ» በሚለው አልበሙ የድሮ ዜማዎችን በአኮርዲዮንና በክላርኔት መልሶ ሠርቷል፤ አንጋፋው አየለ ማሞም ማንዶሊኑን ይዞ አብሮ ተቀምጧል። ላንግ ካደረገችው ጋር በመንፈስ የሚቀርበው ይኸኛው ነው። ልዩነቱ ያለ ቃል መሆኑ ነው፤ ዜማ አውጪው ሲከበር ገጣሚው አሁንም ከውጭ ቆሟል። «የድሮ ዘፈኖች» እየተባሉ የሚወጡት የወጣት ዘፋኞች ሥራዎችም አብዛኞቹ ለቀደመው ዘፋኝ ክብር ናቸው፤ ለጸሐፊው አይደሉም።

አንድ ዘፋኝ ተነስቶ አሥራ አንድ የኢትዮጵያ ዘፈኖችን በደራሲዎቻቸው ስም ቢያወጣ ማን ማን ይገባል? ተስፋዬ ለማ አይቀርም፤ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መርቶ፣ ዜማ ሰብስቦና ደርሶ ዋሽንግተን ላይ ያረፈ ሰው ነው። ይልማ ገብረአብና አበበ መለሰ አይቀሩም። የላንግ ስህተት እንዳይደገም ደግሞ ዝርዝሩ በአማርኛ መዘጋት የለበትም፤ በኦሮምኛ አሊ ቢራ፣ በትግርኛ ኪሮስ ዓለማየሁ ራሳቸው ደራሲም ዘፋኝም ናቸው። እዚህ ላይ ክርክር መነሳቱ አይቀርም፤ ማን ገባ፣ ማን ቀረ፣ ከየት አካባቢ ስንት። ይነሳ። ጭቅጭቁ ቢያንስ ስለ ደራሲ ስም ይሆናል፤ እስከ ዛሬ የተጨቃጨቅነው ስለ ዘፋኝ ነው።

ዓለምፀሐይ ወዳጆስ? ገጣሚዋ ከሌሎች ሥራዎቿ ጋር ለበርካታ ታዋቂ ድምፃውያን ግጥም ሰጥታለች፤ በስደት ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የጣይቱን የባህል ማዕከል ያቋቋመችውም እሷ ናት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲያትል ውስጥ ሠርግ ይኖራል። ኪቦርዱ ይበራል፣ ዘፈኑ ይጀምራል፣ ሙሽሮቹ ይነሳሉ። ከሚዘፈኑት መካከል የእሷ ስንኞች ይኖሩ ይሆናል።