ስሙ ሳይታወቅ አገር የገዛው ሰው

ሞንቴኔግሮ ከሰርቢያ ጋር የነበራትን ኅብረት በሕዝበ ውሳኔ ካፈረሰች ሃያ ዓመት ሞላት። ቀኑ እሑድ፣ ግንቦት 13 ቀን 1998 ዓ.ም. ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ውጤቱን ለመቀበል ቢያንስ 55 በመቶ ድጋፍ ያስፈልጋል ብሎ አስቀድሞ ወስኖ ነበር። የተገኘው 55.5 ሆነ። በጥቂት ሺህ ድምፅ አንድ አገር ተወለደ ማለት ነው፤ ወይም የአገሬው ሰው እንደሚለው ተመልሶ ቆመ።

እንዲህ ያለ በዓል ሲመጣ የሚጻፈው የታወቀ ነው። በ1878 በበርሊን ጉባኤ የተገኘው ዕውቅና፣ በ1910 የተጫነው ዘውድ፣ በ1918 የጠፋው መንግሥት ይነሣል። (እነዚህም ሆኑ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እኔን የያዘኝ ግን ከእነዚህ ሁሉ በፊት ያለች የስድስት ዓመት ዘመን ናት። በእነዚያ ስድስት ዓመታት ሞንቴኔግሮን ያስተዳደረው ሰው ከየት እንደመጣ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ እናቱ ያወጣችለት ስም ማን እንደነበር እስከ ዛሬ አልታወቀም። ታሪክ የሚያውቀው ሽቼፓን ማሊ፣ ትንሹ እስጢፋኖስ፣ በሚለው መጠሪያው ብቻ ነው።

የአገሪቱን ሁኔታ በአጭሩ ልንገራችሁ። ሞንቴኔግሮ ዛሬ እንኳ ስፋቷ 13,812 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ያኔ ከዚህም እጅግ ታንስ ነበር። ከአድርያቲክ ባሕር ጀርባ የተገተረ፣ እህል የማያበቅል የድንጋይ ተራራ ነው። በየብስ በኩል ኦቶማን ቱርክ ከቧታል፤ የባሕሩን ዳር ቬኒስ ይዛዋለች። ከ1697 ጀምሮ የሚመሯት ከፔትሮቪች ቤት የሚወጡ ጳጳሳት ነበሩ። ጳጳስ መነኩሴ ነውና ወራሽ ልጅ የለውም፤ ስለዚህ መንበሩ ከአጎት ወደ ወንድም ልጅ ይተላለፋል። ይመሯት ነበር ስል ግን እያጋነንኩ ነው። ጳጳሱ ግብር አይሰበስብም፤ የራሱ ጦርም እስር ቤትም የለውም። በእጁ ያለው ውግዘት ብቻ ነው። እውነተኛው ጉልበት በየጎሳው ዘንድ ነበር፣ በጎሳዎቹም መካከል ደም አለ። አባቱ የተገደለበት ልጅ ደሙን ካልመለሰ በመንደሩ ከሰው አይቆጠርም። በመለሰ ማግሥት ደግሞ ተራው የዚያኛው ወገን ይሆናል።

ለዚህ ሕዝብ ከሩቅ የሚታየው ተስፋ ሩሲያ ነበረች። በ1711 ታላቁ ጴጥሮስ በቱርክ ላይ ተነሡ የሚል መልእክተኛ ከላከባቸው ጊዜ አንሥቶ ሞስኮ ለእነሱ የሃይማኖት ወንድም፣ የገንዘብ ረድኤትና የመጽሐፍ ምንጭ ናት። የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ሥዕል በገዳም ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። በ1766 መጀመሪያ ላይ ብርቱ የነበረው ጳጳስ ቫሲሊዬ ለእርዳታ በሄደበት በፒተርስበርግ አረፈ። አገር ቤት የቀረው አዛውንቱ ጳጳስ ሳቫ ከሰው ጋር መጣላት የማይወድ፣ ገዳሙን ይዞ መቀመጥ የሚመርጥ ሰው ነበር።

ሽቼፓን የመጣው በዚያው ዓመት ነው። በቡድቫ ከተማ አጠገብ በቬኒስ ግዛት ውስጥ ባለችው በማይኔ መንደር ታየ። በአንድ የመንደር ሹም ቤት ተቀጥሮ ያገለግል፣ ሥር ምሶ ቅጠል በጥሶ በሽተኛ ያክም ነበር። ቁመቱ መካከለኛ፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ ሲናገር ግን የሚደመጥ ሰው ነበር። ከሕሙማኑ ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት መዳናቸውን ይጠብቃል መባሉ ዝናውን ከፍ አደረገው። ከዚያ በ1767 ወሬው ተነሣ። ይህ ሰው የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ሣልሳዊ ጴጥሮስ ነው ተባለ።

ሣልሳዊ ጴጥሮስ በ1762 በገዛ ሚስቱ በካትሪን ከዙፋኑ ተገልብጦ በቀናት ውስጥ የሞተው ንጉሥ ነው። ቤተ መንግሥቱ የኪንታሮት ሕመምና የሆድ ቁርጠት ገደለው ብሎ አወጀ። ይህን ያመነ ጥቂት ነው። አምልጦ በባዕድ አገር ይንከራተታል የሚለው ወሬ በራሷ በሩሲያ ይናፈስ ስለነበር፣ እስከ አድርያቲክ መድረሱ አያስገርምም። ማርኮ ታኖቪች የሚባል ሰው፣ ቀድሞ በሩሲያ ጦር ውስጥ ያገለገለ፣ ንጉሡን በዓይኔ አይቼዋለሁና እሱ ነው ብሎ መሰከረ። በገዳም የተሰቀለውን የጴጥሮስን ሥዕል አውርደው ከእንግዳው ፊት ጋር አስተያዩት። መሰላቸው።

ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። ሽቼፓን ራሱ ‹እኔ ጴጥሮስ ነኝ› ብሎ ያውቃል ወይ? ብዙ ጸሐፊዎች አታላይ ብለው ጠርተውት ያልፋሉ። ነገር ግን በደብዳቤዎቹ ላይ የሚፈርመው ሽቼፓን ማሊ ብሎ ነው እንጂ ጴጥሮስ ብሎ አይደለም። ሲጠይቁት ዝም ይላል ወይም ነገሩን በሌላ ነገር ያዞራል። ከፊቱ የንጉሡ ስም ሲነሣ እንባ ያቀርር ነበር የሚሉም አሉ፤ ይህን ያወሩት ግን አብዛኞቹ የቬኒስ ሹማምንት ናቸው፣ ቬኒስ ደግሞ በኋላ ልታስመርዘው ሞክራለች። እኔ የሚመስለኝ ንግሥናውን የፈለጉት እነሱ ናቸው፤ እሱ ዝም ብሎ ተቀበላቸው። ዝምታ ማታለል አይደለም ማለቴ አይደለም። ግን ሐሰቱ የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም።

በ1767 መኸር የጎሳ አለቆቹ በጳጳሱ መቀመጫ በጸቲኜ ተሰብስበው ሲቀበሉት የጠየቃቸውን እንመልከት። ገንዘብ አልጠየቀም፤ ቤተ መንግሥትም አልጠየቀም። በመካከላችሁ ያለውን ደም አቁሙ፣ ታረቁ አለ። እሺ አሉት፤ ለጳጳሳቱ ለሰባ ዓመት እምቢ ያሉትን ማለት ነው።

ሳቫም መጀመሪያ ተቀብሎት ነበር። ጥርጣሬ ሲገባው በኢስታንቡል ለነበረው ለሩሲያው አምባሳደር ለኦብሬስኮቭ ጻፈ። መልሱ ጴጥሮስ ሞቶ ተቀብሯል፣ ያ ሰው ቀጣፊ ነው የሚል ነበር። ጳጳሱ ደብዳቤውን በሕዝብ ፊት አስነበበ። ሽቼፓን ስለ ሞቱ ወይም ስለ ሕይወቱ አልተከራከረም፤ ይልቅ ጳጳሱን የቬኒስ ሰው ነው ብሎ ከሰሰው። ሕዝቡ የተቆጣው በጳጳሱ ላይ ሆነ። ንብረቱ ተዘረፈ፣ እሱም በገዳሙ ተወስኖ ተቀመጠ።

በ1768 የኦቶማን ጦር በብዙ አቅጣጫ መጣ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በድንበሩ ላይ የሩሲያ ንጉሥ ተቀምጧል የሚባል ወሬን ማንም ሱልጣን አይታገሥም። ቬኒስም በባሕሩ በኩል ዘግታ ባሩድና እህል እንዳይገባ ከለከለች። እውነቱን ለመናገር ሽቼፓን በዚህ ጦርነት ያሳየው ጀግንነት የለም። ውጊያው ሲጠነክር ሸሽቶ ለወራት ተሸሸገ። አገሪቱን ያተረፋት የሰዎቿ ጭካኔ፣ በኦቶማን ሰፈር ላይ የወረደው ከባድ ዝናብና መብረቅ፣ ከዚያም በመጸው የፈነዳው የሩሲያና የቱርክ ጦርነት ነው። ወታደር በሆነ ሕዝብ መካከል ከጦር ሜዳ የሸሸ ሰው እንዴት ተመልሶ ሊገዛ ቻለ? መልሱን ያገኘነው ሊያጋልጠው ከመጣው ሰው ነው።

ካትሪን በ1769 ልዑል ዩሪ ዶልጎሩኮቭን ላከች። ተልእኮው ሁለት ነበር፤ ሞንቴኔግሮዎችን በቱርክ ላይ ማስነሣትና የሞተ ባሏን ስም የያዘውን ሰው ማስወገድ። ልዑሉ በነሐሴ በጸቲኜ ሕዝቡን ሰብስቦ ሽቼፓን ቀጣፊ መሆኑን አወጀ፤ ለካትሪን ታማኝነት አስማላቸው፤ ሰውየውንም አሰረው። የታሰረበት ክፍል ከልዑሉ ማረፊያ በላይ ባለው ፎቅ ነበር። ሽቼፓን ለጠባቂዎቹ፣ ‹አያችሁ፣ ንጉሥነቴን እሱም ያውቃል፤ ባያውቅ ኖሮ ከበላዩ ባላስቀመጠኝ› አላቸው ተብሎ ይተረካል። ታሪኩ ተኳኩሎ ሊሆን ይችላል፤ ሰውየውን ግን ይመስላል።

በሁለት ወር ውስጥ ልዑሉ ተስፋ ቆረጠ። ያመጣው ገንዘብ ይበላል፣ አለቆቹ ይጣላሉ፣ ትእዛዙን የሚፈጽም የለም። ሩሲያዊው ልዑል፣ የካትሪን ማኅተም በእጁ ያለው፣ ያልቻለውን አንድ የሥር ማሽ አገልጋይ ችሎት ነበር። በጥቅምት በሌሊት ተደብቆ ወደ ባሕሩ ሲወርድ እስረኛውን ፈታው፣ የሩሲያ መኮንን ልብስ አለበሰው፣ አገሪቱንም አስረክቦት ሄደ። ሊያዋርደው የመጣው ሰው ሾሞት ተመለሰ። ለእኔ ከምስክሮች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ዶልጎሩኮቭ ሽቼፓንን የሚወድበት አንዳች ምክንያት አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ናቸው ሞንቴኔግሮን ያስተማሯት። ዳኞች ሾመ፤ ሌባና ነፍሰ ገዳይ በሞት እንዲቀጣ አደረገ፤ ቅጣቱንም አስፈጸመ። በጸቲኜና በኮቶር መካከል ባለው መንገድ ላይ የወርቅ ሳንቲምና በብር ያጌጠ ሽጉጥ አስቀምጦ ለወራት ማንም አልነካውም ይላሉ። ተረት ይሁን እውነት፣ ሌብነት ሙያ በነበረበት ምድር እንዲህ ያለ ታሪክ መወራቱ ብቻውን ነገሩን ይናገራል። የሥልጣኑ ምሥጢር የንጉሥ ስም ብቻ ነው ብዬ አላምንም፤ ከ1769 በኋላ ንጉሥ አለመሆኑ በአደባባይ ተነግሯልና። ምሥጢሩ ጎሳ የሌለው መሆኑ ነው። ከኔጉሺ ጎሳ የሆነ ዳኛ በሌላው ላይ ሲፈርድ ፍርዱ በቀል ይባላል፤ የሞት ፍርድ ከሆነማ ዘመዶቹ ደም ይከፍላሉ። ሽቼፓን ግን ወንድም የለው፣ አጎት የለው፣ መንደር የለው። ፈረደብኝ ብሎ የሚቀየም ሰው ደሙን የሚመልስበት ቤት አያገኝም።

ከየት መጣ? ዶልጎሩኮቭ ሲመረምረው የተለያየ መልስ ሰጠው። ከዳልማጥያ ነው የሚሉ አሉ፣ ከቦስንያ የሚሉ አሉ። በጀርመን አገር በሃለ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ሞንቴኔግሮአዊ ዶክተር ባልዬቪች እሱ ነው የሚል መላ ምትም ተሰንዝሯል፤ ማራኪ ነው፣ አጥጋቢ ግን አይደለም። የመጨረሻ ዓመታቱም እንዲሁ በቁርጥራጭ ነው የሚታወቁት። በ1771 መንገድ ለማሠራት ባሩድ ሲያፈነዱ ተጎድቶ ዓይኑ ጠፋ። ከዚያ በኋላ በብርቸሊ ገዳም ተቀምጦ ነው ያስተዳደረው። በመስከረም 1773 በኦቶማኑ የሽኮድራ ፓሻ ገንዘብ የተገዛ ግሪካዊ አገልጋዩ አረደው፤ ሲላጨው ነው ይባላል። ራሱም ወደ ሽኮድራ ተወሰደ። በዚያው መስከረም በሩሲያ ሜዳ ላይ ፑጋቾቭ የሚባል ኮሳክ ‹ሣልሳዊ ጴጥሮስ እኔ ነኝ› ብሎ ተነሣ፤ ሟቹ ንጉሥ ዕረፍት አላገኘም።

ስለ ሽቼፓን በሰፊው የጻፈው የሞንቴኔግሮ ታላቁ ባለቅኔ፣ ገዢውም ጳጳስ የነበረው ኔጎሽ ነው። በ1851 ባሳተመው ተውኔት ፈሪና አታላይ አድርጎ ሣለው፤ አብዛኛው አንባቢ ዛሬም የሚያውቀው ያንን ሽቼፓን ነው። ኔጎሽ ግን የፔትሮቪች ልጅ ነበር። ሽቼፓን በሕዝብ ፊት ያዋረደው ሳቫ የገዛ ቤቱ ሰው ነው። ቅኔው ታላቅ ስለሆነ ምስክርነቱን እንዳለ መቀበል የለብንም።

የፔትሮቪች ቤት ከእኛ ታሪክ ጋርም ይነካካል። የመጨረሻው ገዢ ኒኮላ ሴት ልጆቹን ለአውሮፓ ቤተ መንግሥታት እየዳረ የታወቀ ሰው ነበር። ልጁ ኤሌና ኦርቶዶክስነቷን ትታ በጥቅምት 1896 የጣሊያኑን አልጋ ወራሽ አገባች። ጣሊያን ዐድዋ ላይ ከተሸነፈች ስምንት ወር አልሞላትም፤ የአዲስ አበባው የሰላም ውልም የተፈረመው በዚያው ጥቅምት ነው። ባሏ ቪክቶር ኢማኑኤል በ1936 የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ተብሎ ሲታወጅ የጸቲኜዋ ልጅ እቴጌ ተባለች። ማዕረጉ በ1941 በተግባር አበቃ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ጣሊያን በኤሌና አገር ላይ ለስሙ ያህል መንግሥት አቁማ ስታውጅ ሞንቴኔግሮዎች በማግሥቱ ሸፈቱ፤ ዘውዱንም የኤሌና የወንድም ልጅ ሚኻይሎ አልቀበልም ብሎ ነበር።

ዛሬ ሞንቴኔግሮ የኔቶ አባል ናት፤ የአውሮፓ ኅብረትን ደጅ ከምትጠና ከአሥር ዓመት በላይ ሆናት። በ2023 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ 41 በመቶው ሞንቴኔግሮአዊ፣ 33 በመቶው ሰርብ ነኝ ብሏል። የሳቫ መንበርም አላረፈም፤ በ2021 አዲሱ ሜትሮፖሊታን በጸቲኜ ሲሾሙ ተቃዋሚዎች መንገድ ስለዘጉ በወታደራዊ ሄሊኮፕተር ነው የገቡት። ብራስልስ ከሁሉ በላይ አጥብቃ የምትጠይቀው ከወገን የጸዳ ፍርድ ቤት ነው። በ2022 ፓርቲዎቹ በዳኞች ምርጫ መስማማት አቅቷቸው ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ምልዓተ ጉባኤ አጥቶ እስከ 2023 መጀመሪያ ድረስ ሥራ ፈትቶ ቆይቷል።