ከዳኛው እኩል የሚቆጥር ተመልካች፦ የኮሌጅ ትግል ደጋፊነት ታሪክ በአዮዋ

በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ የምትገኘው የአዮዋ ክፍለ ግዛት በበቆሎ ማሳዋና በአሳማ እርባታዋ ብትታወቅም፣ በክረምቱ ብርድ ነዋሪዎቿን ከየከተማውና ከየእርሻው አንድ አዳራሽ የሚያሰባስባቸው የኮሌጅ ትግል ነው። ይህ ስልት በኦሎምፒክ ከሚታዩት ከነጻ ትግልና ከግሪኮ ሮማን የተለየ፣ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ያደገ ሲሆን፣ ተጋጣሚን መጣል ብቻ ሳይሆን ከጣሉት በኋላ እንዳይነሣ ከላይ ሆኖ ይዞ ማቆየትም ዋጋ አለው። የአዮዋ ደጋፊ በጩኸቱ ከሌላ ስፖርት ደጋፊ እምብዛም ባይለይም፣ ከዳኛው እኩል፣ አንዳንዴም ዳኛውን ቀድሞ ነጥብ የመቁጠር ልማዱ ግን ከስፖርቱ ታሪክ ጋር አብሮ የተሠራ ነው።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ትግል የሚቆጠር ነገር አልነበረውም። በአዮዋ ኸምቦልት አካባቢ የተወለደው ፍራንክ ጋች በ1908 በቺካጎ ከጆርጅ ሃከንሽሚት ጋር ተጋጥሞ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን፣ ፍልሚያው 2 ሰዓት ያህል የፈጀ ሲሆን ያበቃውም ሃከንሽሚት በቃኝ ባለ ጊዜ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ማን እየመራ እንደሆነ ለተመልካቹ የሚነግረው አኃዝ ስላልነበረ፣ ከመጠበቅ በቀር ምርጫ አልነበረውም። በገንዘብ የሚካሄደው ትግል ውሎ አድሮ ውጤቱ አስቀድሞ ወደሚወሰን ትርኢት ሲለወጥ፣ እውነተኛው ፉክክር መጠጊያ ያገኘው በትምህርት ቤቶች ነው፤ በ1928ም የመጀመሪያው የአሜሪካ ኮሌጆች ብሔራዊ የትግል ሻምፒዮና በዚያችው አዮዋ፣ በኤምስ ከተማ ተካሄደ።

በዚያ ዘመን የስፖርቱ የበላይ የኦክላሆማ ኮሌጅ፣ የዛሬው ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነበር። አሰልጣኙ ኤድዋርድ ጋላገር በምህንድስና የተመረቀ ሰው እንደመሆኑ የሰውነትን ሚዛንና ጉልበት በመካኒክስ ሕግ እየመረመረ ያስተምር ነበር። ይሁን እንጂ ለተመልካቹ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ተተኪው አርት ግሪፊዝ ነው። ከእርሱ በፊት የአንዱ ትከሻ ከምንጣፉ ካልተጣበቀ አሸናፊው የሚለየው ከላይ ሆኖ በቆየበት ጊዜ ብልጫ ወይም በዳኛ ብያኔ ነበርና፣ ግሪፊዝ ለእያንዳንዱ ድርጊት ነጥብ የሚሰጥ ሥርዓት ቀረጸ፤ ኮሌጆቹም በ1941 ተቀበሉት። በዚህ መንገድ ጸንቶ በቆየው አሠራር መጣል (እስከ 2023) 2 ነጥብ፣ ከሥር ሆኖ መገልበጥ 2፣ ማምለጥ 1 ነጥብ ሲያስገኝ፣ በድምር ከ1 ደቂቃ ያላነሰ ጊዜ ብልጫ ይዞ ከላይ የቆየም 1 ነጥብ ይጨመርለታል። ከዚህ በኋላ ተመልካቹ የሚጠብቅ ብቻ ሳይሆን የሚያሰላም ሆነ።

ስሌቱ በአዮዋ ሥር የሰደደው ግን ተመልካቹ ራሱ ከምንጣፍ የመጣ በመሆኑ ነው። የትግል ውድድር በክብደት የተከፋፈለ ስለሆነ (ዛሬ በኮሌጅ ከ125 እስከ 285 ፓውንድ፣ ማለትም ከ57 እስከ 129 ኪሎ ገደማ 10 ምድቦች አሉ) ለእግር ኳስ ወይም ለቅርጫት ኳስ ያልታደለ ቀጭን ልጅም ቦታ ያገኛል፤ ተማሪው ጥቂት የሆነ የገጠር ትምህርት ቤትም ስመ ጥር ታጋይ ሊያፈራ ይችላል። በዚህ የተነሣ በ1947 የማውንት ቨርነኑ ትንሽ ኮሌጅ ኮርኔል፣ በ1950 ደግሞ የሲዳር ፎልስ የመምህራን ኮሌጅ ከትልልቆቹ ጋር ተፎካክረው ብሔራዊ ዋንጫ ወስደዋል። አባት በታገለበት ልጅ ሲታገል፣ የነጥቡ ሕግ በመጽሐፍ ሳይሆን በመቀመጫ ላይ ከጎን ለጎን ይወረሳል።

የዚህ ተመልካች ትዝታ ከዳን ጌብል ስም ተነጥሎ አይታይም። የዋተርሉው ልጅ ጌብል በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተከታታይ 181 ድሎችን ካስመዘገበ በኋላ፣ በ1970 በኤቫንስተን በኮሌጅ ዘመኑ የመጨረሻ ግጥሚያ በላሪ ኦዊንግስ 13 ለ11 ተሸነፈ። በ1972 በሙኒክ ኦሎምፒክ አንድም ነጥብ ሳይቆጠርበት ወርቅ ቢያገኝም፣ ያ የሁለት ነጥብ ልዩነት፣ የአንድ መጣል ዋጋ፣ በአዮዋ ደጋፊዎች ዘንድ ከድሎቹ ባልተናነሰ ይነገራል። ከ1976 እስከ 1997 የአዮዋ ዩኒቨርሲቲን ሲያሰለጥን 15 ብሔራዊ ዋንጫዎችን፣ ከእነዚህም 9ኙን ከ1978 እስከ 1986 በተከታታይ አስገኘ። ዩኒቨርሲቲው በ1983 ካርቨር ሆክአይ የተባለውን አዲስ አዳራሽ ሲከፍትም የመጀመሪያው ውድድር ትግል ነበር።

በሁለት ቡድኖች ግጥሚያ ስሌቱ ድርብ ይሆናል፤ የተለመደ ድል ለቡድኑ 3፣ በሰፊ ልዩነት የተገኘ 4 ወይም 5፣ የተጋጣሚን ትከሻ ከምንጣፍ ማጣበቅ ደግሞ 6 ነጥብ ስለሚያስገኝ፣ ቡድኑ እየመራ ከሆነ ደጋፊው የሚሸነፈው ታጋይ ቢያንስ በጠባብ ልዩነት እንዲሸነፍ ይመኛል። በ2015 አዮዋና ኦክላሆማ ስቴት በኪኒክ የእግር ኳስ ሜዳ በገላጣ ሰማይ ሥር ሲገናኙ 42,287 ሰው የተከታተለው፣ 18 ለ16 በአዮዋ ድል የተጠናቀቀ እንዲህ ያለ ስሌት ነበር።

ከ1970ዎቹ ወዲህ በርካታ የአሜሪካ ኮሌጆች የትግል ቡድኖቻቸውን ሲዘጉ፣ የአዮዋ አዳራሾች ግን ባዶ አልሆኑም፤ ስፖርቱ የቆመው ታጋዩን በሚያይ ብቻ ሳይሆን ነጥቡን በሚያውቅ ሕዝብ ላይ ነበርና። የዚህም ምልክት ታጋያቸው ተጋጣሚውን ሲጥል ደጋፊዎች ሁለት ጣት አንሥተው «ሁለት!» ብለው የመጮኻቸው የቆየ ልማድ ነበር። በ2023 የመጣል ዋጋ ወደ 3 ነጥብ ከፍ ሲል፣ ሕጉን ማሻሻል ለኮሌጆቹ የስብሰባ ውሳኔ ሲሆን፣ ለተመልካቹ ግን ከአያት የተወረሰ ጣት ላይ አንድ ጣት መጨመር ነበር።