የማዘርቦርድ ዕድሜ በላሊበላ

ላሊበላ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው አዲስ ማዘርቦርድ የሚያየው በስልኩ ላይ ነው። በእጁ የሚነካው ሌላ ቦታ ዓመታት ያገለገለውን ነው። ቦርዱ መጀመሪያ በውጭ አገር መሥሪያ ቤት ይሠራበታል፤ ከዚያ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ወይም መገናኛ ይሸጣል፤ በመጨረሻ በወልድያና በጋሸና በኩል ዳገቱን ወጥቶ እኛ ዘንድ ይደርሳል። ስለዚህ ሱቄ የሚመጡ ልጆች «ጋሼ፣ አዲሱ ቦርድ መቼ ነው የሚወጣው?» ሲሉኝ፣ «ሠሪው ስንት ዓመት ይደግፈዋል?» ብዬ መልሼ እጠይቃቸዋለሁ። አዲስ ነገር ጠልቼ አይደለም፤ የሙያችን ታሪክ ያስተማረኝ ጥያቄ ነው።

አይቢኤም የመጀመሪያውን ፒሲ ነሐሴ 1973 ዓ.ም. ሲያወጣ የቦርዱን ንድፍ በመጽሐፍ አሳትሞ ሸጠው። ሌሎች ያንን አይተው ተመሳሳዩን ሠሩ። በ1987 ዓ.ም. ደግሞ ኢንቴል ኤቲኤክስ የተባለውን ልክ አወጣ፤ የብሎኑ ቀዳዳ፣ የፓወር ሰፕላዩ መሰኪያ፣ የኋላው የገመድ መግቢያ የት የት እንደሚሆን ተወሰነ። የአንዱ ፋብሪካ ቦርድ በሌላው ሳጥን ይገጥም ጀመር። ከሞቱ ሁለት ሦስት ኮምፒውተሮች አንድ የሚሠራ አውጥተን እንጀራ የምንበላው በዚህ ስምምነት ነው።

በ1990ዎቹ እኛ ዘንድ ኮምፒውተር የሚገኘው በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ በሆቴሎችና በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ነበር። ማመልከቻ ይጻፍበታል፣ የዕድር ደንብ ይታተምበታል። በዚያ ዘመን የተሠሩ ቦርዶች ግን ክፉ በሽታ ነበረባቸው። በብዙ አገር የተሸጡ ቦርዶች ላይ የተገጠሙት ካፓሲተሮች ፈሳሻቸው ጥራት የጎደለው ስለነበር ጊዜያቸው ሳይደርስ አበጡ። ከፍተኛ ጉዳት ከደረሰባቸው መካከል ዴል ኦፕቲፕሌክስ ጂኤክስ270 እና ጂኤክስ280 ይገኙበታል። ኩባንያው በ1998 ዓ.ም. ለጥገናና ለመተኪያ 300 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መያዙን አስታውቋል።

ያ ገንዘብ ዋስትና ላለው ገዢ ነው፤ እኛ ዘንድ የደረሰው ቦርድ ዋስትናው ያለፈበት ነው። ሳጥኑን ስትከፍተው ከፕሮሰሰሩ አጠገብ የተደረደሩት ትንንሽ ቆርቆሮዎች አናታቸው ላይ ያለው የመስቀል ቅርጽ ወደ ላይ ተነፍቶ፣ አንዳንዱም ቡናማ ዝቃጭ አውጥቶ ታገኘዋለህ። ካዊያውን አግለህ አሮጌውን ትነቅላለህ፤ ማይክሮፋራዱ እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ ታስገባለህ፤ የመቀነሱን ምልክት ካሳትክ ይፈነዳል። ብዙዎቻችን ቦርድ መጠገን የተማርነው በዚህ በሽታ ነው።

የአገሩም ነገር አለ። ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ ፋኑ ያንኑ ያህል እየዞረ የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። አቧራውና የመብራቱ መዋዠቅ ሲጨመርበት ደግሞ የቦርዱ ዕድሜ ያጥራል። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ከተማችን ሲደርስ መብራትና ስልክ ለወራት ጠፋ። መብራት ሲመለስ «ቦርዱ ሞቷል» እየተባሉ ከመጡልኝ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ አልሞቱም፤ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባለ 3 ቮልቷ ሲአር2032 ባትሪ አልቃ ነበር። ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ስለሚመለስ ኢንተርኔቱ እንኳ አልከፍትም ይላል። ባትሪዋን ቀይረህ ቀኑን ስታስተካክል ይነሳል።

አሁን ስለ ድጋፍ ልናገር። ኢንቴል በመስከረም 2010 ዓ.ም. አዲስ ፕሮሰሰር ሲያወጣ የፒኑ ቁጥር ያው 1151 ሆኖ ሳለ የቀድሞዎቹ ቦርዶች አይቀበሉትም ተባለ። ኤኤምዲ በበኩሉ ኤኤም4 የተባለውን የፕሮሰሰር ሶኬት ከራይዘን ጋር በየካቲት 2009 ዓ.ም. ለገበያ አቀረበ። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ እሱም መጪው ፕሮሰሰር በ400 ተከታታይ ቦርዶች ላይ አይሠራም አለ። ምክንያት ያደረገው ማስነሻ ፕሮግራሙ (ባዮስ) የሚቀመጥበትን ቺፕ ነው፤ በብዙዎቹ ቦርዶች ላይ 16 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ የሁሉም ፕሮሰሰር ኮድ አይበቃበትም። ቦርዱን የገዙ የኮምፒውተር አፍቃሪዎች ጮኹ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ኩባንያው ሐሳቡን ለወጠ። በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ የ300 ተከታታይ ቦርዶች ሳይቀሩ ተፈቀደላቸው፤ በ2009 የተገዛ ቦርድ በ2014 የወጣውን ራይዘን 5800ኤክስ3ዲ ፕሮሰሰር የሚሸከምበት ጊዜ መጣ።

ያ ጩኸት ለእኛ ተብሎ የተጮኸ አልነበረም፤ የጠቀመው ግን እኛንም ነው። የመጀመሪያው ገዢ ያስከበረው የድጋፍ ዓመት ለሦስተኛው ገዢ ይተርፋል። ፕሮሰሰሩን ብቻ ቀይሮ ቦርዱን ማቆየት ለሱቄ ደንበኛ ትልቅ ነገር ነው፤ በተለይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ የዕቃውም ዋጋ አብሮ ወጥቷል።

የኤኤምዲ ቀጣዩ ሶኬት ኤኤም5 የወጣው መስከረም 17 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት ነው። ኩባንያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 2025 እና ከዚያም በላይ እንደግፈዋለን ያለውን፣ ኋላ ላይ እስከ 2027 እና ከዚያም በላይ አድርሶታል። ልጆቹ የሚጠብቁት ቀጣዩ ቦርድም የሚመዘነው እንዲህ ባለ ቃልና በአፈጻጸሙ ነው።

እንግዲህ ገንዘብ ቋጥራችሁ ቦርድ የምትጠብቁ ልጆች፣ ፍጥነቱን ከማየታችሁ በፊት ሦስት ነገር አጣሩ። ሠሪው ለቀድሞው ቦርዱ የመጨረሻውን የባዮስ አፕዴት ያወጣው መቼ ነው? ሶኬቱ ከዚህ በኋላ ስንት ፕሮሰሰር ይቀበላል? ያለ ፕሮሰሰር ከፍላሽ ባዮስ የሚጭን ቁልፍ አለው? ይህ ቁልፍ ከሌለው፣ አፕዴት መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ቦርዱ ላይነሳ ይችላል፤ ያኔ ቺፑን በክሊፕ ይዞ በፕሮግራመር የሚጽፍ ሰው መፈለግ ይመጣል። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል፦ ያለ ዩፒኤስ ባዮስ አትንኩ፤ መልስ ያላገኛችሁለትንም ቦርድ አትግዙ።