መጣኝ

«ሬጉሌተር» የሚለውን ቃል ብዙዎቻችን «መቆጣጠሪያ» እንለዋለን። ስህተት ነው ባልልም አይጥመኝም። «ተቆጣጠረ» የ«ቆጠረ» ዘር ነው፤ ደብተር ይዞ በር ላይ የቆመ አለቃ ይታየኛል። ሬጉሌተር ግን የላቲኑ «ሬጉላ» ልጅ ነው፤ ቀጥ ያለ ዘንግ፣ ማስመሪያ ማለት ነው።

ቃሉን በሥራው እንየው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት (ከ1914 እስከ 1918 እ.ኤ.አ.) አንዳንድ አውሮፕላኖች ለሬዲዮናቸው ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ከውጭ ከታሰረች፣ ነፋስ ከሚያሽከረክራት ትንሽ ጄኔሬተር ነበር። አብራሪው ሲያዘቀዝቅ ነፋሱ ይበረታል፣ ጄኔሬተሯ ትከንፋለች፣ ቮልቴጁ ያሻቅባል፤ ልጓም ካጣ የሬዲዮውን አምፖሎች ክር ያቃጥላል። አዝግሞ ሲበር ደግሞ ኃይሉ ይደክማል።

አንዱ መላ የማሽከርከሪያዋ ምላጭ ፍጥነት ሲበዛ ዘወር ብሎ ነፋሱን እንዲያሳልፍ ማድረግ ነበር። እኔን የሚገርመኝ ግን ኋላ የመጣው የካርቦን ክምር ነው። ስስ የካርቦን ዝርግ ቀለበቶች እንደ እንጀራ ተደራርበው በሞላ ይጨመቃሉ፤ ተጨምቀው ሳሉ ጅረቱ በቀላሉ ያልፋል። ቮልቴጁ ሲጨምር ኤሌክትሮማግኔት የሞላውን ግፊት ያላላል፣ ክምሩም ይላላል። ያን ጊዜ የጄኔሬተሩን መግነጢስ የሚመግበው ጅረት ይቀንስና ቮልቴጁ ይወርዳል። ሲወርድ፣ መልሶ ይጨመቃል።

ወጥ እየቀመሰች ጨው የምትመጥን ባለሙያ ሴት ሥራ ይመስላል። ስለዚህ «መጣኝ» ብዬዋለሁ። የተሻለ ቃል ያላችሁ ጻፉልኝ።