ሰፊው ሰሌዳ በጠባቡ ሳሎን

ኳድ የተባለው የእንግሊዝ የድምፅ መሣሪያዎች ስም የአራት ቃላት አሕጽሮት ነው። ከአራቱ የመጨረሻው ‹የቤት› ማለት ሲሆን፣ ይህች አንዲት ቃል የፒተር ዎከርን የሥራ ዘመን ትገልጸዋለች ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዎከር ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ1936 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ አቋቁሞ፣ የጦርነቱ ቦምብ ፋብሪካውን ስለጎዳበት በ1941 ወደ ሃንቲንግደን ከተማ ተዛወረ። መጀመሪያ ለአዳራሽና ለአደባባይ የሚሆኑ መሣሪያዎችን ይሠራ ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን ፊቱን ወደ መኖሪያ ቤት መለሰ። አንድን ሙሉ ኦርኬስትራ በተራ ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ ማስተናገድ የሚያስቸግረውም ከዚህ ጀምሮ ነው።

በ1957 ለገበያ የዋለው ኤሌክትሮስታቲክ ስፒከር ለዚህ ችግር ያቀረበው መልስ ነበር። ወርዱ 88፣ ቁመቱ 79 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ፣ ጎበጥ ያለ ሰሌዳ ሲሆን ለሚያየው ሰው የክፍል ማሞቂያ ይመስላል። የተለመደው ስፒከር በእንጨት ሣጥን የታሸገ የወረቀት ሾጣጣ ነበረ። በዎከር ሰሌዳ ውስጥ ግን ሣጥንም ሾጣጣም የለም። በሺህ በሚቆጠር ቮልት የተሞላ እጅግ ስስ ፕላስቲክ በተበሳሱ ሳሕኖች መካከል ተወጥሮ ይቆማል፤ የሙዚቃው ኤሌክትሪክ በሳሕኖቹ ላይ ሲፈራረቅም ፕላስቲኩን በመላ ገጹ ወደፊትና ወደኋላ ያንቀሳቅሰዋል። ሣጥን ስለሌለ የሣጥን ጉምጉምታ የለም።

ሰፊ ነገር ለጠባብ ክፍል አይስማማም የሚለው ግምት እዚህ ላይ እውነትነቱ በከፊል ነው። ሰሌዳው ከፊቱም ከኋላውም እኩል ይናገራል፤ ሁለቱ ድምፆች ተቃራኒ ስለሆኑ በጎንና በጎን ሲገናኙ ይጣፋሉ። በመሆኑም የጎን ግድግዳዎችን እምብዛም አይቀሰቅስም፤ ትንሽ ክፍልን የሚያስጨንቀው የወፍራም ድምፅ ጉምታም ይቀንሳል። የኋላው ድምፅ ግን በቅርብ ግድግዳ ተመልሶ የፊተኛውን እንዳያደበዝዝ ሰሌዳው ወደ ክፍሉ መሐል ሳብ ተደርጎ መቆም ይኖርበታል። የቤቱ ሰዎች የሚያልፉትም በዚያው ነው! ቀጭኑ ድምፅ ደግሞ እንደ ባትሪ ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ፣ በደንብ የሚሰማው ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው ነው።

ሰሌዳው የታሰበው ለአንድ ክፍል አንድ ሆኖ ነበር። በ1958 የስቴሪዮ ሸክላ ሲመጣ ግን ሁለተኛ ሰሌዳ ያስፈልግ ጀመር፤ ለአንዱ ቦታ አጥቶ የነበረ ሳሎን ሁለት ቻለ።

ከሁሉ ይልቅ አስተማሪው የኃይሉ ታሪክ ነው። ሰሌዳው ሲወለድ አጣማሪው ኳድ 2 የተባለው የቫልቭ አምፕሊፋየር ነበር፤ ኃይሉ 15 ዋት ብቻ። በቅርብ ለሚያዳምጥ ሰው ይህ ይበቃ ነበር። በ1967 የወጣው ባለ ትራንዚስተሩ ኳድ 303 ኃይሉን 45 ዋት፣ በ1975 የመጣው ኳድ 405 ደግሞ 100 ዋት አደረሰው። ቁጥሩ ያስደንቃል፤ ጆሮ የሚያገኘው ግን ጥቂት ነው። ከ15 ወደ 100 ዋት መውጣት የሚጨምረው 8 ዴሲቤል ያህል ሲሆን፣ ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ 10 ገደማ ይፈለጋል። በጠባብ መድረክ ላይ እንደ አደባባይ የሚጮኽ ተዋናይ የሚያተርፈውም ከዚህ አይበልጥም። ፕላስቲኩ በበኩሉ ከልክ ያለፈ ቮልት ሲመጣበት በብልጭታ ይበሳል፤ የተበሳም ሰሌዳ ካልተፈታና ካልተተካ አይድንም። ስለዚህ ፋብሪካው 405ን ከዚህ ሰሌዳ ጋር ለሚያገናኝ ደንበኛ የገዛ አምፕሊፋየሩን ጉልበት የሚገታ ተጨማሪ ዕቃ ማቅረብ ግድ ሆነበት።

በ1981 የቀረበው ኢኤስኤል 63 መግቻውን በራሱ ውስጥ ይዞ መጣ፤ የማይችለው ኃይል ሲደርስበት ድምፁን ራሱ ይቆርጣል። በውስጡ የተደራጁት ክብ ቀለበቶች ድምፁን ከመሐል ወደ ዳር ጥቂት እያዘገዩ ስለሚያወጡት፣ ከሰሌዳው 30 ሴንቲሜትር ያህል ወደኋላ ካለች አንዲት ነጥብ የሚመነጭ ይመስላል፤ ከጎን የተቀመጠውም አድማጭ ድርሻውን አገኘ። የ1957ቱ ሰሌዳ ምርት በ1985 ቆመ።