ከ«ቢያንስ 500» ወደ «500 ብቻ»

ሞተር ሳይክል የሚወዱ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። ብርቅ የሚባል ሞተር ሳይክል ሲያጋጥማቸው ጎማውንም ቀለሙንም ሳያዩ በቀጥታ ወደ መሪው ጎንበስ ይላሉ። የሚፈልጉት አንዲት ትንሽ የብረት ምልክት ነው። ምልክቷ ላይ «ከ500ው ይህ 237ኛው ነው» የሚል ዓይነት ቁጥር ተቀርጾባታል። ቁጥሯን ካገኙ በኋላ ሞተር ሳይክሉ በዓይናቸው ሌላ ነገር ይሆናል። ዋጋውም እንዲሁ።

ዛሬ ልናወጋችሁ የፈለግነው ስለዚች ቁጥር ነው። መቼም ብዙ ሰው ፋብሪካው ትንሽ የሚሠራው ዕቃው ብርቅ እንዲሆንለት ይመስለዋል። አሁን አሁን እውነት ነው፤ ድሮ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነበር። ቁጥሯ ስትወለድ «ቢያንስ» የሚል ቃል ይቀድማት ነበር፤ በኋላ «ብቻ» የሚል ቃል ይከተላት ጀመር። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ታሪክ ደግሞ የሞተር ሳይክል ብቻ ሳይሆን የእኛ የገዢዎችም ታሪክ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍናቸው።)

የምትሸጠውን ይዘህ ና!

የሞተር ሳይክል እሽቅድምድም በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፋብሪካዎች ለውድድር ብቻ ብለው በሚሠሯቸው መኪኖች የሚደረግ ነው፤ የዛሬው ሞቶጂፒ ከዚህ ይመደባል። ሁለተኛው ግን «ሱቅ ውስጥ የምትሸጠውን ይዘህ ና» የሚል ነው። ሁለተኛው ለሕዝብ ይቀርባል፤ እሑድ ሲያሸንፍ ያየነውን ሰኞ ሄደን መግዛት እንችላለን። ገንዘቡ ካለን ማለታችን ነው።

እዚህ ጋ ታዲያ አንድ ችግር አለ። ሀብታሙ ፋብሪካ አንድ ተአምረኛ ሞተር ሳይክል ሠርቶ «ይኸው የምሸጠው» ቢልስ? ለዚህ የተገኘው መላ ቀላል ነው፦ መቁጠር። ይህን ያህል ካልሠራህ፣ ለገዢም ካላቀረብህ አትወዳደርም። ይህን የማስመዝገብ ሥርዓት «ሆሞሎጌሽን» ይሉታል። በአሜሪካ የሞተር ሳይክል ማኅበር ደንብ ቁጥሩ በአንድ ወቅት 200 ነበር። ሃርሊ-ዴቪድሰን በ1970 ኤክስአር-750ን ለውድድር ለማብቃት 200 የሠራው ለዚሁ ነው። ያ 200 የብርቅነት ቁጥር አይደለም፤ የመግቢያ ትኬት ነው።

ጣሊያን ውስጥም ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። ሚያዝያ 23 ቀን 1972 ኢሞላ ላይ በተደረገው የ200 ማይል ውድድር እንግሊዛዊው ፖል ስማርት በዱካቲ አንደኛ ወጣ፤ የቡድን ጓደኛው ብሩኖ ስፓጂያሪ ሁለተኛ። በጊዜው ዱካቲ ትንሽ ፋብሪካ ስለነበር ድሉ ዱብ ዕዳ ነበር። ከዚያ ድል የተወለደው 750 ሱፐር ስፖርት በ1974 ለገበያ ወጣ፤ የተሠራው 401 ነው። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ቴላዮው ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ ከወርቅ እኩል ይታያል። ያኔ ግን ማንም «ከ401ዱ ስንተኛው ነው?» ብሎ አልጠየቀም፤ ፈጣን ሞተር ሳይክል ነበርና ገዝተው ነዱት።

1988፤ ነገሩ ሲጦፍ

የዓለም ሱፐርባይክ ሻምፒዮና በ1988 ተጀመረ። ሕጉ አራት ሲሊንደር ላላቸው 750 ሲሲ፣ ሁለት ሲሊንደር ላላቸው 1000 ሲሲ ፈቀደ። ምን ያህል መሠራት እንዳለበትም ወሰነ፤ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ብዙ፣ ትናንሾቹ ጥቂት።

ሆንዳ ይዞት የመጣው ቪኤፍአር750አር ነበር፤ ዓለም የሚያውቀው ግን በፋብሪካ መለያው በአርሲ30 ነው። ለጽናት ውድድር ከተሠራ መኪና የተቀዳ ነው። ቢዬላዎቹ ከቲታንየም የተሠሩ ናቸው። የኋላው ጎማ የተያዘው በአንድ ጎን ክንድ ብቻ ነው፤ ይህ ለዓይን ውበት ሳይሆን በውድድር መሀል ጎማ ቶሎ ለመቀየር ነው። ይህ ሁሉ እያለ መብራት፣ መስታወትና ጥሩምባ ነበረው፤ ታርጋ አስለጥፎ ዳቦ ሊገዙበት ይችላሉ። አሜሪካዊው ፍሬድ መርከል በአርሲ30 የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሻምፒዮናዎች፣ የ1988ንም የ1989ንም ወሰደ። ስቲቭ ሂዝሎፕ ደግሞ በ1989 በማን ደሴት (አይል ኦፍ ማን) ጎዳናዎች ላይ አንዱን ዙር በአማካይ ከ120 ማይል በሰዓት በላይ፣ ማለትም ከ193 ኪሎ ሜትር በላይ በመጓዝ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ይህንንም ያደረገው በአርሲ30 ነው።

አሁን ልብ በሉ። አርሲ30 በሺዎች የተሠራ ሞተር ሳይክል ነው። ሆንዳ ከሕጉ ትእዛዝ አልፎ ሠራ፣ ሸጠ። ክብሩን ያገኘው ከቁጥሩ ማነስ ሳይሆን ከሥራው ነው። ይህን ነጥብ ያዙልን፤ ወደኋላ እንመለስበታለን።

ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ

ሕግ ካለ ሕጉን የሚዞርበት አይጠፋም። ሦስት ምሳሌ እንስጣችሁ።

የመጀመሪያው ሃርሊ-ዴቪድሰን ነው። በ1994 ቪአር1000 የተባለ የውድድር ሞተር ሳይክል ይዞ መጣ። የአሜሪካው ደንብ መንገድ ላይ በሕጋዊነት የሚነዳ 50 ሞተር ሳይክል እንዲሠራ ይጠይቃል። ችግሩ የአሜሪካን የጭስና የድምፅ ሕግ ማሟላት ከባድ ነው። ደንቡ ግን «የአሜሪካ መንገድ» አላለም! ስለዚህ ሃርሊ ሞተር ሳይክሉን ለመንገድ ሕጋዊ ያደረገው ፖላንድ ውስጥ ነው። አሜሪካ የተሠራ፣ አሜሪካ የሚወዳደር፣ ፖላንድ የሚፈቀድ። እኛ ይህን ስንሰማ ሳቃችንን መቆጣጠር አቃተን።

ሁለተኛው ያማሃ ነው። በ1999 ዋይዜድኤፍ-አር7ን ለቀቀ፤ የተሠራው 500 ነው። አሜሪካ ውስጥ ዋጋው 32,000 ዶላር ነበር። ይህን ከፍሎ የወሰደው ሰው የሚያገኘው ወደ 106 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው፤ ከእሱ በእጅጉ የሚረክሱ የዘመኑ ሞተር ሳይክሎች ይበልጡታል። ምክንያቱም ያማሃ ሞተሩን ሆን ብሎ አፍኖ ነው የሸጠው። ሙሉ ጉልበቱ የሚወጣው ለውድድር የሚሸጠው ተጨማሪ ዕቃ ሲገጠምለት ነው። ገዢው ሞተር ሳይክል ገዛ ከማለት የሞተር ሳይክል ጥሬ ዕቃ ገዛ ማለት ይቀላል። ኖሪዩኪ ሃጋ በ2000 በዚሁ ዓይነት መኪና የዓለም ሁለተኛ ሆኗል።

ሦስተኛው የሚያሳዝነው ነው። አራት ጊዜ የዓለም ሱፐርባይክ ሻምፒዮን የሆነው እንግሊዛዊው ካርል ፎጋርቲ ውድድር ካቆመ በኋላ ከማሌዥያው የነዳጅ ኩባንያ ከፔትሮናስ ጋር ሆኖ የራሱን ቡድን አቋቋመ። ሞተር ሳይክሉ ኤፍፒ1 ይባላል፤ ባለ ሦስት ሲሊንደር ነው። ከትንሽ ፋብሪካ የሚጠበቀው 150 ነበርና ያንኑ ለማሟላት ተሠራ። ቡድኑ ከ2003 እስከ 2006 ተወዳድሮ አንድም ድል ሳያገኝ ተበተነ። ለሕዝብ ተሠሩ ከተባሉት ብዙዎቹ ደግሞ ለዓመታት መጋዘን ውስጥ አቧራ ጠጡ። ሕጉ «ሥራ» ብሎ ነበር፤ ተሠራ። ሰው እንዲነዳው የሚለው የሕጉ መንፈስ ግን የት ገባ?

«ብቻ» የሚለው ቃል ሲመጣ

በዚህ መሀል የሽያጭ ሰዎች አንድ ነገር ገባቸው። ሕጉ ባያዝም ቁጥር መቅረጽ ይቻላል!

የነገሩ አጀማመር ግን የዋህ ነበር። ማይክ ሄይልውድ ከማን ደሴት ውድድር ከራቀ 11 ዓመት በኋላ፣ በ1978፣ በ38 ዓመቱ ተመልሶ በዱካቲ አሸነፈ። ዱካቲም በ1979 የእሱን ቀለም የያዘ ማስታወሻ ሞተር ሳይክል አወጣ። የታሰበው ለጥቂት መቶዎች ነበር። ሰዉ ግን ተሻማበት። ፋብሪካው ምን አደረገ? ጨመረ! እስከ 1986 ድረስ ወደ 7,000 ገደማ ተሠራ። ዛሬ በሽያጭ ሊቅነት የሚመኩ ሰዎች ይህን እንደ ኪሳራ ያዩታል፤ «ብርቅነቱን አበላሹት» ይላሉ። እኛ ግን 7,000 ሰው የሄይልውድን ቀለም መንዳቱ ምኑ ላይ እንደሚያስከፋ አልገባንም።

በ1995 ግን መንፈሱ ተለውጧል። አየርተን ሴና በግንቦት 1994 ኢሞላ ላይ ሕይወቱ ካለፈ በኋላ ዱካቲ 916 ሴናን አወጣ፤ 300 ብቻ። ይህን ቁጥር የጠየቀ የውድድር ሕግ የለም። ከዚያ በ1997 ሌላ 300፣ በ1998 ደግሞ ሌላ 300 ተከተለ። ታዲያ ሴና የተባለው ሞተር ሳይክል ስንት ነው እንበል? 300 ወይስ 900? መልሱ የሚወሰነው ሻጩ ማን እንደሆነ በማየት ነው።

ኢንተርኔት ሲመጣ ነገሩ ባሰ። በጥር 1 ቀን 2000 ዱካቲ ኤምኤች900ኢን በኢንተርኔት ብቻ መሸጥ ጀመረ። አጠቃላይ ቁጥሩ 2,000 ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት ምርት በደቂቃዎች ውስጥ አለቀ። ሰዉ የገዛው ያልነካውን፣ ያልነዳውን፣ ያልሰማውን ነው። በ2001 የመጣው 996አር በሁለቱ ዘመናት መካከል ቆሟል፦ 500 ሆኖ የተሠራው አዲሱን ሞተር ለውድድር ለማስመዝገብ ነው፣ ትሮይ ቤይሊስም የዚያን ዓመት ሻምፒዮና በእሱ ወስዷል። ሲሸጥ ግን የተለፈፈው «500 ብቻ» ተብሎ ነው። አንድ ቁጥር፣ ሁለት ትርጉም።

ከ2003 ጀምሮ ሕጉ ለአራት ሲሊንደሮችም 1000 ሲሲ ፈቀደ። ተራው የሱቅ ሞተር ሳይክል ለውድድር በቃ፤ ልዩ እየሠሩ ማስመዝገብ የግድ መሆኑ ቀረ። «ብቻ» ግን ያለ «ቢያንስ» ኑሮውን ቀጠለ። የሞቶጂፒ መኪና ቅጂ የሆነው ዴስሞሴዲቺ አርአር 1,500 ብቻ፣ በ72,500 ዶላር። ሱፐርሌጄራ በ2014፣ በ2017 እና በ2020፣ ሦስቱም 500፣ 500፣ 500። አሁን ቁጥሩን የሚወስነው ቆጣሪው ዳኛ ሳይሆን የሽያጭ ክፍሉ ነው።

ታዲያ ብርቅ ማለት ምንድን ነው?

ቁጥር ሲነገረን ሦስት ጥያቄ ብናስከትል አንታለልም። አንደኛ፦ ስንት ተሠራ? ሁለተኛ፦ ስንት ቀረ? ለውድድር የተሸጡት ወደቁ፣ ተገነጠሉ፣ ለዕቃ ፈረሱ፤ ስለዚህ ከተሠሩት 500 አር7ዎች ዛሬ በተፈጥሯቸው ያሉት ከ500 ያነሱ መሆናቸው ግልጽ ነው። ለማስቀመጥ ተብለው ከተገዙት ሱፐርሌጄራዎች ግን አብዛኞቹ እንደተፈጠሩ ቢገኙ አይገርመንም። ሁለቱም «500» ናቸው፤ ብርቅነታቸው ግን አንድ አይደለም። ሦስተኛ፦ ቁጥሩ ለምን ተቀረጸ? ከጀርባው ሥራ አለ ወይስ ቀለም ብቻ?

በእኛ እምነት ሦስተኛው ጥያቄ ከሁለቱ ይበልጣል። «ቢያንስ» የሚለው ቃል ለእኛ ለተመልካቾች የቆመ ቃል ነበር። ፋብሪካውን «ምርጡን ለራስህ አትደብቅ፣ አካፍል» ይለዋል። «ብቻ» ግን በር ይዘጋል። ደስ የሚለው የውድድሩ አስተዳዳሪዎች ይህን ሳይረዱት አልቀሩም። በኋለኞቹ ዓመታት በቁጥሩ ላይ የዋጋ ጣሪያም ጨመሩበት። ዱካቲ ተራው ፓኒጋሌ ቪ4 1,103 ሲሲ ስለሆነ ለውድድር የሚፈቀደውን ባለ 1000 ሲሲ ቪ4 አር በ2019 ሲያወጣ ጣሪያው 40,000 ዩሮ ነበር፤ የሸጠውም 39,900 ዩሮ ነው። ርካሽ ነው አላልንም! ግን ቢያንስ አንድ ሰው «ከዚህ አትለፍ» ብሏል።

ያማሃ ደግሞ በ2021 አር7 የሚለውን ስም መልሶ አወጣው። አዲሱ አር7 689 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ለጀማሪ የማይከብድ፣ ቁጥሩ ያልተገደበ ተራ ሞተር ሳይክል ነው። የድሮው ስም ረከሰ ብለው የተቆጡ ብዙ ናቸው። እኛ አልተቆጣንም። የድሮዎቹ አር7ዎች ክብራቸውን ከነ500 ቁጥራቸው በየጋራዡ ይዘው ይቀመጡ። አዲሱን ግን ዛሬ ጠዋት ሥራ ለመግባት የሚነዳው ሰው አለ፤ ሞተር ሳይክልም ድሮ የተሠራው ለዚህ ነበር።